ለጨዋታ የተሻገረው ዓሣ

በአገራችን ስለ ዓሣ ሲነሣ ሐሳባችን ፈጥኖ የሚሄደው ወደ ገበታ ነው። የጣናው ባለ ታንኳ መረቡን የሚጥለው፣ የዝዋዩም ዓሣ አጥማጅ ገና ሳይነጋ ከቤቱ የሚወጣው ለዕለት ጕርሱና ለገበያው ነው እንጂ ለጨዋታ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ዘንግና ክር ይገዛል፤ ጀልባ ይከራያል፤ ከንጋት እስከ ምሽት በውሃ ላይ ይውላል፤ በመጨረሻም የያዘውን ዓሣ መዝኖ ወደ መጣበት ውሃ ይመልሰዋል ብለን ብንናገር፣ ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ ሰውዬውን ጤና የጐደለው አድርገው ሳይገምቱት አይቀሩም። ነገር ግን በአሜሪካ እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች በሚሊዮን የሚቈጠሩ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳድዱትም ባስ የሚባለውን የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ነው።

እኛ ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው የዚህን ዓሣ ታሪክ ነው። ዓሣው ከተወለደበት አገር የወጣው በክንፉ ዋኝቶ አይደለም። በባቡርና በመርከብ ጭነው፣ ፈቃድ ጠይቀውና ተቀብለው ያሻገሩት ሰዎች ናቸው፤ ከእነዚህም ሰዎች ክፉ ያሰበ አንድ ስንኳ አላገኘንም። ይህን መጽሔት ከሚያነቡት መካከል የፈቃድ ወረቀት የሚያዘጋጁና የሚፈርሙ ሰዎች ስላሉ ነገሩ ይመለከተናል ብለን አሰብን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ባስ ሁለት ታላላቅ ወገኖች አሉት። አንዱ አፈ ሰፊው፣ ሁለተኛው አፈ ጠባቡ ይባላል፤ ሁለቱንም በአንድነት ጥቁር ባስ ይሏቸዋል። የትውልድ አገራቸው የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊና መካከለኛ ክፍል ነው። የሳይንስ ስማቸው የወጣው በስሕተት መሆኑ ያስቃል። በ1802 ዓ.ም. ላሴፔድ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ከአሜሪካ የተላከለትን አንድ አፈ ጠባብ ባስ መረመረ። የዓሣው የጀርባ ክንፍ ከበስተኋላው ተቀድዶ ስለ ነበረ ቅዳጁን ራሱን የቻለ ትንሽ ክንፍ መስሎት፣ በግሪክ ቋንቋ «ትንሽ ክንፍ» የሚል ትርጕም ያለው ማይክሮፕተረስ የሚል ስም ሰጠው። እነሆ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፎ አንድ ቀን ቈስሎ የተገኘ ዓሣ ለወገኑ ሁሉ ስም ሆኖ ይኖራል።

አፈ ሰፊው ባስ የረጋ ወይም ዝግ ብሎ የሚሄድ ውሃ ይወዳል። በደንገልና በወደቀ ግንድ ሥር ተደብቆ ይጠብቃል፤ የሚበላው ነገር በአጠገቡ ሲያልፍ አፉን ከፍቶ ከነውሃው ይስበዋል። ትናንሽ ዓሣ፣ እንቍራሪት፣ ሸርጣን መሳይ የውሃ እንስሳ፣ አንዳንድ ጊዜም የዳክዬ ጫጩት ይበላል። በጸደይ ወራት ወንዱ በጭራው ጠርጎ ጐድጓዳ ቦታ ያበጃል፤ ሴቲቱ እንቍላሏን ከጣለች በኋላ እንቍላሉንና የሚፈለፈሉትን ልጆች የሚጠብቅ እርሱ ነው። በዚያ ጊዜ ወደ ጐጆው የቀረበውን ሁሉ ያጠቃል። ይህ አባትነቱ ዓሣውን በሄደበት ሁሉ እንዲበዛ ያደረገ ጠባዩ ስለ ሆነ አንባቢ ልብ ይበልልን። ጠባቂ የሌለው የሌላ ዓሣ እንቍላል ሲበላ፣ የእርሱ ልጆች ግን በዘበኛ ያድጋሉ።

ይህን ዓሣ ለመያዝ የተፈለሰፈው መሣሪያ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በኬንታኪ ግዛት ፓሪስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያች ከተማ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ጆርጅ ስናይደር የሚባል ሰዓት ሠሪ ይኖር ነበር። ስናይደር ለሰዓት የሚሠራቸውን ጥርስ ያላቸውን ትናንሽ መንኰራኵሮች አጋጥሞ የክር መጠቅለያ መዘውር ሠራ። እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ክር የተጠቀለለበት ከበሮ ብዙ ጊዜ ይዞራል። ከዚያ በፊት በእንግሊዝ አገር ይህን የመሰለ መዘውር ታውቆ ነበር፤ ነገር ግን ደካማ ስለ ነበረ ብዙ አልተወደደም። የኬንታኪው ግን እንደ ሰዓት ልስልስ ብሎ የሚዞር በመሆኑ ማጥመጃውን ከሩቅ ወርውሮ ፈጥኖ ለመሳብ አስቻለ። ቀጥሎም ሚክ የሚባሉ ወንድማማቾች፣ እነርሱም ሰዓት ሠሪዎች፣ ሥራውን አሻሻሉት። የዓሣ ጨዋታ ከሰዓት ሠሪ ጠረጴዛ ላይ ተወለደ ብንል አልተሳሳትንም።

በ1881 ዓ.ም. ጄምስ ሄንሻል የሚባል ሐኪም ስለ ጥቁር ባስ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። እስከዚያ ድረስ በአሜሪካ የተከበረው ዓሣ ከእንግሊዝ መኳንንት ልማድ ጋራ የመጣው ትራውት ነበር፤ ባስ ግን የገበሬ ልጅ የሚይዘው ተራ ዓሣ ሆኖ ይታይ ነበር። ሄንሻል ባስ በትግሉ ከማንም ዓሣ እንደማያንስ ተከራክሮ ጻፈ፤ ከዚያም ወዲህ የባስ ክብር እያደገ ሄደ። በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ በሚሺጋን ግዛት ጄምስ ሄደን የሚባል ሰው በወፍጮ ኩሬ ዳር ተቀምጦ እንጨት ሲቀርጽ ቆየና ፍቅፋቂውን ወደ ውሃው ቢወረውረው ባስ ተወርውሮ መታው ይባላል። ሄደን ነገሩን አስቦ እንቍራሪት የሚመስል እንጨት ቀርጾ መንጠቆ ሰካበት፤ በኋላም ከእንጨት የተሠራ የማታለያ ዓሣ የሚሸጥ ፋብሪካ አቆመ። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ በኦሃዮ ኒክ ክሬም የሚባል ሰው በቤቱ ምድጃ ላይ ፕላስቲክ አቅልጦ ልስልስ ያለ የትል ምስል አወጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የናይሎን ክር ሲስፋፋ፣ የቀርከሃው ዘንግም በመስተዋት ጭረት ሲተካ፣ መሣሪያው ለመካከለኛ ሰው ኪስ የሚስማማ ሆነ።

ውሃውንም ቢሆን ያዘጋጀለት መንግሥት ነው። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ በቴነሲ ሸለቆ ለኤሌክትሪክና ለጐርፍ መከላከያ የተሠሩት ግድቦች፣ ኋላም በደቡብ ግዛቶች የተከተሏቸው ሌሎች፣ ጫካውንና የእርሻውን መሬት አጥለቅልቀው ሰፋፊ ሐይቆች ፈጠሩ። በውሃ የተዋጠ ዛፍ ለባስ ከቤተ መንግሥት አያንስም። በ1967 ዓ.ም. ሬይ ስኮት የሚባል የኢንሹራንስ ሻጭ በአርካንሶ ግዛት በአንዱ የግድብ ሐይቅ ላይ መቶ ያህል አጥማጆች ሰብስቦ ውድድር አደረገ፤ በማግሥቱ ዓመትም የባስ አጥማጆችን ማኅበር መሠረተ። ከ1972 ዓ.ም. ወዲህ በውድድሩ የተያዘው ዓሣ በጀልባው ውስጥ አየር በሚነፋበት ገንዳ በሕይወት ቆይቶ፣ ከተመዘነ በኋላ ወደ ሐይቁ እንዲመለስ ተደረገ። ይዞ መልቀቅ የመልካም አጥማጅ ምልክት ሆነ። ይህን ነገር አንባቢያችን እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የዓሣው ጕዞ ግን ከዚህ ሁሉ የቀደመ ነው። በ1854 ዓ.ም. ዊልያም ሽራይቨር የሚባል ሰው ከኦሃዮ ወንዝ አጠገብ ከዊሊንግ ከተማ ጥቂት ባሶች ቀዳዳ ባለው ባልዲ ውስጥ አኖረና ባልዲውን በባቡሩ የውሃ ታንክ ውስጥ አንጠለጠለው። ባቡሩ የአፓላቺያንን ተራራ አቋርጦ ከምበርላንድ ሲደርስ ዓሦቹን በዚያ ባለው የጀልባ መተላለፊያ ቦይ ለቀቃቸው፤ ከቦዩም ወደ ፖቶማክ ወንዝ ገብተው በዙ። እንግዲህ ዛሬ በዋሽንግተን ከተማ በኩል በሚያልፈው ወንዝ ያለው ባስ ራሱ መጤ ነው ማለት ነው። በ1871 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የዓሣ ኮሚሽን ካቋቋመ በኋላ ዓሣ የሚያመላልሱ ልዩ የባቡር ፉርጎዎች ተሠሩ፤ ዓሣ ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ማዛወር እንደ ዛፍ ተከላ የሚመሰገን ሥራ ተደርጎ ይታሰብ ነበር።

ወደ ጐረቤታችን እንምጣ። በኬንያ የስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለው በናይቫሻ ሐይቅ ከጥንት ጀምሮ የነበረች አንዲት ትንሽ ዓሣ ብቻ ነበረች። በ1920ዎቹ መጨረሻ እንግሊዞች ለጨዋታ ባስን አመጡበት። ያች ትንሽ ዓሣ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በሐይቁ አልታየችም። በሌላው ወገን እውነቱን ለመናገር፣ ባስ ከሌሎች መጤ ዓሦች ጋራ ሆኖ ለናይቫሻ ሰዎች የገበያ ዓሣ አስገኝቷል። በእኛም አገር ቢሆን በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣው ትራውት በባሌ ቀዝቃዛ ወንዞች፣ በዌብና በዳንካ፣ ተለቅቆ ይገኛል፤ ያመጣውም ያው የመንጠቆ ጨዋታ ነው። በጣና ደግሞ በዓለም ላይ ከዚያ በቀር የማይገኙ ላቤኦባርበስ የሚባሉ 15 ያህል የዓሣ ዓይነቶች አሉ። ይህን የመሰለ ሌላ የዓሦች ቤተሰብ በፊሊፒንስ በላናኦ ሐይቅ ነበረ፤ እርሱ ግን ከውጭ በገቡ ዓሦችና ከልክ ባለፈ ማጥመድ ፈጽሞ ለማለት በሚቻል መጠን ጠፍቷል።

በጓቲማላ የሆነው ነገር ከዚህ የባሰ ነው። አቲትላን በእሳተ ገሞራ ተራሮች የተከበበ፣ 130 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። በዚህ ሐይቅ ላይ ብቻ የምትኖር፣ ክንፏ አጭር ሆኖ መብረር የማይሆንላት፣ ዳክዬ የምትመስል ጠላቂ ወፍ ነበረች፤ የአገሩ ሰዎች «ፖክ» ይሏታል። በ1958ና በ1960 ዓ.ም. ለአጥማጅ ጐብኚዎች መሳቢያ እንዲሆን ባስ በሐይቁ ተለቀቀ። ባስም ወፊቱ የምትመገባቸውን ትናንሽ ዓሦችና ሸርጣኖች ፈጀ፤ ጫጩቶቿንም በላ። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የማያ ሕዝቦች ዕለት ዕለት ይለቅሟቸው የነበሩ ትናንሽ ዓሦች ሲጠፉ፣ በምትካቸው የመጣውን ትልቁን ዓሣ በድሮው መሣሪያቸው በቀላሉ ሊይዙት አልቻሉም። ጨዋታው ለእንግዳ፣ ባዶው መሶብ ለባለአገር ሆነ።

በ1960 ዓ.ም. 200 ያህል የነበሩት ወፎች በ1965 ወደ 80 ወረዱ። አን ላባስቲል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ነገሩን አይታ መንግሥትን ቀሰቀሰች፤ የወፎች መጠለያም ተከልሎ፣ ዘበኛም ተሹሞ፣ ቍጥራቸው በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ከ200 አለፈ። ከዚያ በኋላ በ1976 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነና የሐይቁ ውሃ ወረደ፤ ወፊቱ ጐጆ የምትሠራበት ቄጤማ ደረቀ። በአገሩ በተነሣውም የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ በ1982 ዓ.ም.፣ የመጠለያው ዘበኛ ተገደለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፖክ ከምድር ጠፋች። ጥፋቷን በባስ ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ነገር ግን ወፊቱን መጀመሪያ ያደከመ እርሱ ነው።

የዚህን ዓሣ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ በግልጥ የምታሳየው አገር ግን ጃፓን ናት። በ1925 ዓ.ም. አካቦሺ ቴትሱማ የሚባል በአሜሪካ የተማረ ባለጠጋ፣ በትምህርቱ ጊዜ ያየውን የባስ ጨዋታ ለአገሩ ሰዎች ለማሳየትና ለምግብም እንዲሆን አስቦ፣ ፈቃድ ተቀብሎ፣ ከካሊፎርኒያ ባሶች አስመጣ። አሺ የሚባለውን በሃኮኔ ተራራ ላይ ያለ ሐይቅ የመረጠበት ምክንያት ሐይቁ ከሌሎች ውሆች የተለየ በመሆኑ ዓሣው ከዚያ ወጥቶ እንዳይስፋፋ ነው። በጊዜው ይህን ያህል ጥንቃቄ ያደረገ ሰው ሊወቀስ አይገባውም። እርሱ ያላሰበው የሰውን እጅ ነው። ተራራው ዓሣውን ከለከለው፤ ዓሣውን በባልዲ ይዞ የሚወርደውን አጥማጅ ግን አልከለከለውም። በተለይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ ዘንግና ማታለያ በጃፓን ወጣቶች ዘንድ ሲወደድ ባስ በስውር ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ተዛወረ።

ቢዋ የጃፓን ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ 670 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ዕድሜው 4 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው ይባላል። ከዚያ በቀር የማይገኙ ከ60 በላይ የእንስሳና የአትክልት ዓይነቶች አሉበት። በዚህ ሐይቅ ባስ መጀመሪያ የታየው በ1974 ዓ.ም. ነው፤ በ1983 ገደማ በዳር ዳሩ ሁሉ ሞላ። ኒጎሮቡና የሚባል የአገሩ ዓሣ አለ፤ የቢዋ ሰዎች በጨው ያሹትና ከበሰለ ሩዝ ጋራ በጋን አድርገው ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት ያቦኩታል። ፉናዙሺ ይባላል፤ ሽታው እንደ ከረመ አይብ የበረታ ነው፤ ለባለአገሩ ግን የበዓልና የእንግዳ ክብር ነው። ይህ ዓሣ እየመነመነ በሄደ ጊዜ የአያቶቻቸው ምግብ ውድ ሆነባቸው። የመንጠቆ ወዳጆች ጥፋቱን በሐይቁ ዳር በተሠራው የሲሚንቶ ግንብና በጠፋው ደንገል ላይ ያደርጋሉ። ይህም ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ዓሦቹ እንቍላል የሚጥሉበት ቦታ ጠብቦባቸዋል። ይሁን እንጂ ቤቱ የጠበበበት ሰው ሌባ ቢጨመርበት ሌባው አልጐዳውም ማለት አይቻልም።

ባስም ብቻውን አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. መከር የጃፓን አልጋ ወራሽ የነበሩት ልዑል አኪሂቶ አሜሪካን በጐበኙ ጊዜ የቺካጎ ከንቲባ ሪቻርድ ዴሊ ብሉጊል የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች ስጦታ አበረከቱላቸው። ልዑሉ ራሳቸው የዓሣ ተመራማሪ ስለ ነበሩ ለሕዝባቸው ምግብ ይሆናል ብለው ዓሦቹን ለመንግሥት የዓሣ ምርምር ተቋም ሰጡ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ልዑልነታቸው ከልዕልት ሚቺኮ ጋራ ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በ1956 ዓ.ም. ጃፓንን ለጐበኙት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአጸፋ ጕብኝት አድርገዋል። ከተማችን ደስ ብሏት በተቀበለቻቸው ጊዜ የቺካጎዎቹ ዓሦች በጃፓን ገንዳ ገብተው ነበር። ብሉጊል ለገበታ ብዙ አልተፈለገም፤ ነገር ግን ወደ ሐይቆቹ ወጥቶ የሌሎችን ዓሦች እንቍላል እየበላ በዛ። በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ወር ንጉሠ ነገሥት አኪሂቶ በቢዋ ሐይቅ አጠገብ በተደረገ ጉባኤ ላይ፣ ብሉጊልን ያመጡት እርሳቸው መሆናቸውንና በደረሰው ነገር ልባቸው ማዘኑን በሕዝብ ፊት ተናገሩ። ማንም ሳያስገድዳቸው የተናገሩት ቃል በመሆኑ እኛ በአክብሮት እናስታውሰዋለን። ይህን የመሰለ ቃል ከዙፋን ቀርቶ ከአንድ የመምሪያ ጠረጴዛ እንኳ ስንት ጊዜ ይሰማል?

ሕጉም ከዚያ ቀደም ብሎ መጥቶ ነበር። የቢዋ ሐይቅ የሚገኝበት የሺጋ አውራጃ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሐይቁ የተያዘ ባስና ብሉጊል ተመልሶ እንዳይለቀቅ ደነገገ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ባዕድ እንስሳትና አትክልት የአገሪቱ ሕግ ወጣ። አፈ ሰፊው ባስ በዚህ ሕግ ይገባል አይገባም በሚለው ነገር ላይ አጥማጆችና ነጋዴዎች በአንድ ወገን፣ ሊቃውንትና መረብ ጣዮች በሌላው ወገን ሆነው ብርቱ ክርክር አደረጉ፤ ነገሩ ለሌላ ጊዜ ሊተላለፍ ሲል የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሯ ዩሪኮ ኮይኬ እንዲገባ አደረጉ። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ባስን በሕይወት ማጓጓዝ፣ ማርባትና ወደ ሌላ ውሃ መልቀቅ እስከ 3 ዓመት እስራት የሚያደርስ ወንጀል ሆነ። አሺና ሌሎች ሦስት ሐይቆች ግን አጥማጁ ፈቃድ እየገዛ ባስ የሚይዝባቸው ሆነው ቀርተዋል፤ የእነዚያ መንደሮች ኑሮ በባስ ላይ ቆሟልና።

እንግዲህ በአላባማ ሰው ባሱን ስሞ ወደ ውሃ ሲመልስ ይመሰገናል፤ በቢዋ ያንኑ ቢያደርግ ደንብ አፍራሽ ይባላል። የእጁ ሥራ አንድ ነው፤ የተለወጠው ውሃው ብቻ ነው።

በ1932 ዓ.ም. ሰኔ 2 ቀን ጆርጅ ፔሪ የሚባል የጆርጂያ ገበሬ በሞንትጎመሪ ሐይቅ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ የሚመዝን፣ ማለት 10 ኪሎ የሚያልፍ ባስ ያዘ። ጊዜው የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስለ ነበር ዓሣው ከተመዘነ በኋላ ለቤተሰቡ ራት ሆነ። ይህን ክብደት ለ77 ዓመት የደረሰበት የለም። አሜሪካኖች አዲሱን ታላቅ ባስ በካሊፎርኒያና በቴክሳስ ሲጠብቁ፣ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ 2 ቀን ማናቡ ኩሪታ የሚባል ጃፓናዊ ከፔሪው ዓሣ በአንድ አውንስ ያህል የሚበልጥ ባስ አወጣ። በዓለም አቀፉ የአጥማጆች ማኅበር ደንብ ልዩነቱ ሁለት አውንስ ስላልሞላ ሁለቱ እኩል ተብለው ተመዘገቡ። ያወጣበት ውሃ ቢዋ ነው። በመንጠቆው ላይ ለማባበያ የሰካውም በሕይወት ያለ ብሉጊል ነበር።

በዚያው ሐይቅ ዳርቻ የሺጋ አስተዳደር ያስቀመጣቸው ሣጥኖች አሉ፤ አጥማጁ ወደ ቤቱ ሲመለስ የያዘውን ባስና ብሉጊል የሚጥልባቸው ናቸው።